ቁጥርና ጭሰኛ በጭላሎ ግርጌ

ከአሰላ ተነስቶ ወደ በቆጂ የሚያቀና መንገደኛ በመካከሉ ሳጉሬን ያገኛል። ሳጉሬ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና ተልባ ይዘራበታል። አርሲ ሲባል በከተሜው ዘንድ ፈጥነው የሚታወሱት ስንዴውና ሯጮቹ ናቸው። ይሁንና ይህ ደጋ እምብዛም የማይነገርለት ሌላ ታሪክም አለው። በአገራችን የገበሬ ኑሮ በመጠይቅ፣ በናሙናና በሚዛን አስቀድሞ በስፋት ከተለካባቸው ቦታዎች አንዱ የቀድሞው የጭላሎ አውራጃ ነው። ከውጭም ከአገር ውስጥም የመጡ ተመራማሪዎች፣ አንዳንዱ ለመሥሪያ ቤቱ፣ አንዳንዱም ለዶክትሬት ዲግሪው፣ መጠይቃቸውን ይዘው የወጡት በዚህ አቀበት ነው።

ለመሆኑ አንድ የዶክትሬት ተማሪ በቁጥር መመራመርን ሲማር ምን ይማራል? ብዙዎቻችን የሚታየን ሰሌዳ ሙሉ ቀመርና የግሪክ ፊደል ነው። ተማሪውም ራሱ መጀመሪያ ላይ የሚፈራው ይህንኑ ነው። ቀመሩ ግን የትምህርቱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ቀላሉም ግማሽ እርሱ ነው። ከባዱ ግማሽ ከቁጥሩ በስተጀርባ ማን እንዳለና ቆጣሪው ከመድረሱ በፊት ማን ከመዝገቡ እንደወጣ ማወቅ ነው። ይህን ለመረዳት ከጭላሎ የተሻለ የታሪክ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ከገብስ ማሳ የተነሳ ትምህርት

ስታቲስቲክስ የሚባለው ትምህርት ከሒሳብ ሊቃውንት ጓዳ ብቻ የወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዛሬ የዶክትሬት ተማሪዎች እንቅልፍ አጥተው የሚያጠኗቸው አንዳንድ ዋና ዋና ስሌቶች ግን የተወለዱት ከእርሻ ነው፤ ያውም ከገብስና ከስንዴ።

እ.ኤ.አ. በ1899 ዊልያም ጎሴት የተባለ እንግሊዛዊ በደብሊን ከተማ በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ከሥራዎቹ አንዱ ለቢራ የሚስማማውን ገብስ ለይቶ ማወቅ ነበር። ችግሩ ሙከራ ውድ መሆኑ ነው። አንድ የገብስ ዘር የሚሞከረው በጥቂት ማሳዎች ላይ ብቻ ነው። በዘመኑ የነበረው የስታቲስቲክስ ዕውቀት ደግሞ የተዘጋጀው በመቶና በሺህ ለሚቆጠር ናሙና ነበር። እንግዲህ አራትና አምስት ማሳ ብቻ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ከሁለት ዘሮች አንዱ ብልጫ ቢያሳይ፣ ብልጫው የዘሩ ነው ወይስ የአጋጣሚ? ፋብሪካው ጎሴትን እ.ኤ.አ. በ1906 ወደ ለንደን፣ ታዋቂው ካርል ፒርሰን ዘንድ እንዲማር ላከው። እ.ኤ.አ. በ1908 መልሱን አሳተመ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በገዛ ስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ የተጠቀመበት የብዕር ስም «ስቱደንት»፣ ማለትም «ተማሪ» የሚል ነበር። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው «የስቱደንት ቲ» እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት የእርሱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሮናልድ ፊሸር ነው። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 በእንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ ወደተባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ገባ። በዚያ ከ1843 ጀምሮ የማዳበሪያ ሙከራ ሲካሄድ ኖሯል፤ የተከማቸውን አኃዝ አገላብጦ የሚተረጉመው ሰው ግን ይፈለግ ነበር። ፊሸር ካመጣቸው ሐሳቦች ሁሉ ለእኛ ቅርብ የሆነው የዕጣው ነገር ነው። የትኛው ማሳ ማዳበሪያ ይግባበት የሚለውን ሰው ከወሰነ፣ ሳያውቀውም ቢሆን ለሙን መሬት ለሚወደው ዘር ይሰጣል። ስለዚህ ዕጣ ይወስን አለ። ዕቁብ የሚጠጣ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም። የዕቁቡ ዳኛ ዕጣውን አይቶ ቢያወጣ ማኅበሩ በዚያው ቀን ይፈርሳል።

የፊሸር መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1925 እና በ1935 ወጡ። አሜሪካዊው ጆርጅ ስኔዴኮር ትምህርቱን በአዮዋ የእርሻ ኮሌጅ አስፋፋው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍም ለእርሻ ተመራማሪ በሚገባ ቋንቋ አቀረበው። በ1944 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ አለማያን ለማቋቋም ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ፣ ከደብሊንና ከሮትሃምስቴድ የተነሳው የማሳ ሒሳብ በአሜሪካ የእርሻ ኮሌጆች በኩል አገራችን ደረሰ ማለት ነው። የታሪክ ግጥምጥሞሽ ሆኖ አሰላም የብቅል ፋብሪካዋን እ.ኤ.አ. በ1984 አገኘች። ጎሴትን ያስጨነቀው የቢራ ገብስ ዛሬ የአርሲ ደገኛ የዕለት ጉዳይ ነው።

ካዱ ሲመጣ

በ1960 ዓ.ም. መባቻ (እ.ኤ.አ. 1967) የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ አንድ ሰፊ የእርሻ ልማት ሥራ ጀመሩ። ሕዝቡ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ካዱ» ይለዋል። ሐሳቡ ለዘመኑ አዲስ ነበር። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የገበያ ማዕከልና የእርሻ ትምህርት ለትንሹ ገበሬ በአንድ ጥቅል ይቅረቡለት የሚል ነው። ከአሰላ በስተሰሜን የሚገኘው የቁሉምሳ ጣቢያ የስንዴና የገብስ መሞከሪያ ሆነ።

ካዱን ከሌሎች የልማት ሥራዎች የሚለየው አንድ ነገር መለካት መውደዱ ነው። ሥራው ገና ሳይጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 እና 1967፣ አርነ ሌክሳንደር የተባለ ስዊድናዊ የአካባቢውን ኅብረተሰብ አጠና። ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1968 በካዱ የኅትመት ተከታታይ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሰብል ናሙና፣ የመሬት ይዞታ፣ የብድርና የገበያ ጥናቶች ተከታተሉ። በካዱ መዛግብት ላይ ተመሥርተው አሜሪካዊው ጆን ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ስለ ጭላሎ ጻፈ። ከኢትዮጵያውያን ወገን ተስፋይ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1975 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በታተመ ጥናታቸው የጥቅል መርሐ ግብሮቹን ጉዳይ መረመሩ። ብስራት አክሊሉ የማዳበሪያን ስርጭት፣ አረጋይ ዋቅቶላ ደግሞ አዳዲስ የእርሻ ዘዴዎች በጭላሎ ገበሬ ዘንድ ያገኙትን ተቀባይነት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተሙ።

እነዚህን ሥራዎች ዛሬ የሚያነብ ተማሪ ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው ስለ ጭላሎ ገበሬ ነው። ሁለተኛው ስለ ራሱ ስለ መለካት ነው።

ዝርዝሩን ያወጣው ማን ነው?

የናሙና ትምህርት ከእህል ነጋዴ ይጀምራል። ነጋዴው ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም። ከአፉም፣ ከወገቡም፣ ከሥሩም እፍኝ እያወጣ ያያል። ከአፉ ብቻ ያየ እንደሆነ ይታለላል። ተማሪውም እንዲሁ ነው። ሁለት መቶ ቤት ጠይቆ ስለ ሃያ ሺህ ቤት መናገር ይችላል፤ ሁለት መቶዎቹ በዕጣ እስከወጡ ድረስ።

ነገር ግን ዕጣ ለመጣል አስቀድሞ የሁሉም ስም የሰፈረበት ዝርዝር ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ከየት ይምጣ? በንጉሡ ዘመን በቀላሉ የሚገኘው የግብር መዝገብ ነበር። የግብር መዝገብ የሚያውቀው ደግሞ ባለርስቱን ነው። በአርሲ ከባለርስቱ ከፊሉ አዲስ አበባ ወይም አሰላ ይቀመጣል፤ መሬቱን የሚያርሰው ሲሶ ወይም እኩል ከፋዩ ጭሰኛ ነው። ከግብር መዝገብ ላይ ዕጣ የጣለ ተመራማሪ እንግዲህ በማሳው ላይ የሌለውን ሰው አግኝቶ፣ በማሳው ላይ ያለውን ሰው ያጣዋል። ቀመሩ ፍጹም ትክክል ሆኖ መልሱ ፍጹም የተሳሳተ ይሆናል።

ከመሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበራት ሲቋቋሙ የአባላት ዝርዝር ተገኘ፤ ለተመራማሪ ትልቅ እፎይታ ነበር። ይህም ቢሆን የራሱ ጥላ አለው። በዝርዝሩ የሰፈረው አባወራው ነው። ሁለት ሚስት አግብቶ በሁለት ቦታ ጎጆ የቀለሰ የአርሲ ገበሬ አንድ ቤተሰብ ነው ወይስ ሁለት? አንድ ከተባለ ሁለተኛዋ እመቤት፣ ጓሮዋ፣ ላሟና ልጆቿ ከጥናቱ ወጡ። ሁለት ከተባለ በሬዎቹ ሁለት ጊዜ ሊቆጠሩ ነው። ይህን የሚወስነው ቀመር አይደለም፤ በጥናቱ መጀመሪያ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ትርጓሜ ነው። አንባቢ ግን ያን መስመር አያነበውም፤ የሚያነበው የመጨረሻውን ሠንጠረዥ ነው።

ስንት ጥማድ? ስንት ቁና?

ዝርዝሩ ተገኘ እንበል። አሁን መጠየቅ ይመጣል። መጠይቁ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይረቀቃል፤ ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ ሳጉሬ አካባቢ ያለው ገበሬ ግን ጥያቄውን የሚሰማው በኦሮምኛ ነው። በሁለት ድልድይ ያለፈ ጥያቄ ሲነሳ የነበረውን ሆኖ ላይደርስ ይችላል።

ከዚያ መስፈሪያው አለ። ጥማድ ማለት አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በሬው የሰባ ከሆነ፣ አፈሩ የላላ ከሆነ ጥማዱ ይሰፋል። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና አይስተካከልም። ዕድሜም ቢጠየቅ ሰው «አርባ»፣ «አምሳ» እያለ በደፈናው ይመልሳል። በሕዝብ ቆጠራ ሠንጠረዦቻችን ውስጥ በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ ሕዝብ ተከምሮ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመስፈሪያው የሚከብደው ፍርሃቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ የዘመን ግጥምጥሞሽ ማስታወስ ይገባል። ካዱ ሥራውን በጀመረበት በዚያው በ1960 ዓ.ም. መንግሥት አሥራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ የሚጣል አዲስ ግብር አወጀ። ከግብሩና ከመሬት ልኬታው የተነሳ ጎጃም ውስጥ ገበሬው መሣሪያ አንስቶ ሸፈተ። እንግዲህ በዚያው ዓመት አንድ ደብተር የያዘ እንግዳ መጥቶ «ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገባህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብልህ ገበሬ ምን ይመልሳል? ጭሰኛው ደግሞ ሁለት የሚፈራው አለ፤ ግብር ሰብሳቢውና የምርቱን ድርሻ የሚወስደው ባለመሬት። ስለዚህ ዝቅ አድርጎ ይናገራል። ይህ የገበሬው ውሸታምነት አይደለም። መረጃውን ማን እንደሚጠቀምበት ከተመራማሪው ይልቅ ያውቃል ማለት ነው።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ሰውን ትቶ ማሳውን መጠየቅ ነበር። ሕንዶች በፕራሳንታ ማሃላኖቢስና በባልደረቦቹ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ያዳበሩት ዘዴ ነው። በማሳው ውስጥ በዕጣ አንድ አራት ማዕዘን ቦታ ይከለላል፤ በዚያ ያለው ሰብል ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ይመዘናል። በአገራችን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በተለመደው አሠራር ክልሉ አራት ሜትር በአራት ሜትር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሄክታር ውስጥ እንዲህ ያለ ክልል 625 ይገባል። ከክልሉ 4 ኪሎ ስንዴ ቢገኝ በሄክታር 25 ኩንታል ማለት ነው። አሁን ሚዛኑ በግማሽ ኪሎ ቢሳሳትስ? በሄክታር 3 ኩንታል ከፍ አለ ወይም ዝቅ አለ። ተማሪው በእንዲህ ያለው ምሳሌ ትምህርቱን ያገኛል። ኮምፒዩተሩ ከነጥብ በኋላ ስድስት ቤት ቁጥር ቢያወጣም፣ የግማሽ ኪሎዋን ስሕተት አያይዋትም።

«አልተቀበለም» የምትለው ሳጥን

ወደ ካዱ እንመለስ። በመጀመሪያው ዓመት ከካዱ በብድር ማዳበሪያና ዘር የወሰዱት ገበሬዎች 200 አይሞሉም ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ10 ሺህ በላይ ደረሰ። ጥያቄው እንግዲህ ማን ተቀበለ፣ ማንስ አልተቀበለም የሚል ሆነ። በዓለም ላይም በዚያ ዘመን ይህ ዋና የምርምር ጉዳይ ነበር። አሜሪካዊው ኤቨሬት ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎችን አዲስ ነገር ቶሎ የሚቀበሉ፣ በመካከል የሚቀበሉና ወደ ኋላ የሚቀሩ እያለ ከፍሏቸው ነበር። ወደ ኋላ የቀሩት ልማድ የያዛቸው፣ ትምህርት ያልነካቸው ተደርገው ይታዩ ነበር።

መጠይቁ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ «ተቀብሏል» እና «አልተቀበለም»። ተመራማሪው የገበሬውን ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የመሬት ስፋትና የበሬ ብዛት ከሁለቱ ሳጥኖች ጋር ያስተያያል። ሪግሬሽን የሚባለው ስሌት ሥራው ይህ ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን፣ አንዱ ነገር ብቻ ቢለያይ ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል።

ይሁንና በጭላሎ ሌላው ሁሉ እኩል አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ጭሰኛ ብድር ለማግኘት ከባለመሬቱ ጋር የተፈረመ የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት። ባለመሬቱ ካልፈረመ ብድር የለም፤ ብድር ከሌለ ማዳበሪያ የለም። እንግዲህ ያ ጭሰኛ በየትኛው ሳጥን ይግባ? «አልተቀበለም» በሚለው ይገባል። ማዳበሪያውን ፈልጎ የተከለከለው ሰውና ማዳበሪያውን አይቶ የናቀው ሰው በአንድ ሳጥን፣ በአንድ ምልክት ተመዘገቡ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ለይቶ ሊያወጣ አይችልም። ያልገባበትን ከየት ያመጣል?

የጭላሎ ጥናቶች ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ጥሩዎቹ ተመራማሪዎች የይዞታውን ነገር ከዕድሜና ከትምህርት ጎን አስቀምጠው አላለፉትም። የጉዳዩ እምብርት አድርገው ያዙት። ገበሬው ለምን አልተቀበለም ከሚለው ይልቅ እንዳይቀበል ያደረገው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ሲለወጥ የመፍትሔውም ቦታ ይለወጣል። መጀመሪያው ጥያቄ ወደ ገበሬው ትምህርት ቤት ይወስዳል፤ ሁለተኛው ወደ ፓርላማው።

አማካዩ ሲያድግ

አሁን ወደ ታሪኩ መራራ ክፍል ደርሰናል። በአንድ ምሳሌ እንጀምር፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል የተዘጋጀ ነው።

በአንድ ቀበሌ አሥር ገበሬዎች አሉ እንበል። ስድስቱ ባለመሬት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 10 ኩንታል ያገባሉ። አራቱ ጭሰኞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 6 ኩንታል ያገባሉ። ድምሩ 84፣ አማካዩ 8.4 ኩንታል ነው። በሁለተኛው ዓመት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ገባ። የባለመሬቶቹ ምርት ወደ 11 ኩንታል ከፍ አለ። ጭሰኞቹ ግን ተነቅለው ሄዱ። ቆጣሪው ሲመጣ ያገኘው ስድስት ገበሬ ነው፤ አማካዩም 11 ኩንታል ሆነ። በሪፖርቱ ላይ የገበሬው አማካይ ምርት ከ8.4 ወደ 11 አድጓል፤ በመቶኛ 31 ያህል ማለት ነው። እውነተኛው የባለመሬቶች ዕድገት ግን በመቶ አሥር ብቻ ነው። የቀረውን «ዕድገት» ያመጣው የአራቱ ጭሰኞች መሰደድ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ትክክል ነው፤ የተሳሳተ ድምር፣ የተሳሳተ ማካፈል የለም። የጎደለው ሰው ነው።

በጭላሎ የሆነው ነገር ከዚህ ምሳሌ ብዙ የራቀ አልነበረም። የአዲሱ ስንዴና የማዳበሪያው ትርፍ ሲታይ ባለመሬቶች መሬታቸውን ከጭሰኛ እየነጠቁ በትራክተር ማረስ ጀመሩ፤ ወይም ለትራክተር ባለቤት አከራዩት። በተለይ ሜዳማ በሆነው በሰሜኑ ክፍል ጭሰኛው እየተነቀለ ወጣ። ትንሹን ገበሬ ለመርዳት የታሰበው ሥራ ትንሹን ገበሬ ከመሬቱ ላይ የሚያስነሳ ምክንያት ሆነ።

ለካዱ ሰዎች ሚዛናዊ መሆን ይገባል። ይህን ጉድለት ከማንም በፊት በጽሑፍ ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ሄኖክ ክፍሌ በመካናይዝድ እርሻና በገበሬው ላይ ባስከተለው ጉዳት ዙሪያ ያደረጉት ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1972 በራሱ በካዱ ኅትመት ወጥቷል። ሊታይ የቻለውም የቀሩትን ብቻ ሳይሆን የሄዱትንም ስለፈለጉ ነው። ስዊድኖቹም የጭሰኝነት ሕግ እንዲሻሻል ደጋግመው ጠየቁ። ረቂቅ ሕጉ ተዘጋጀ፤ ባለመሬቶች በሞሉበት ፓርላማ ግን ሳይጸድቅ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ጭሰኝነት በሕግ ቀረ፤ በዚያን ጊዜ ግን ከጭላሎ የተነቀለው ተነቅሎ ነበር።

እዚያው በር ተመልሶ ማንኳኳት

ከመዝገብ የሚወጣውን ሰው እንዴት መያዝ ይቻላል? አንዱ መንገድ በየዓመቱ አዲስ ናሙና ከማውጣት ይልቅ ያንኑ ቤት ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ተመራማሪዎች «ፓኔል» ይሉታል። ቤቱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ባዶነቱ ራሱ መረጃ ነው፤ ሰዎቹ የት ሄዱ ተብሎ ይጠየቃል።

አርሲ በዚህም ታሪክ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከድርቁና ከረሃቡ በኋላ የገበሬውን ኑሮ ለማወቅ በሰባት የገበሬ ማኅበራት ጥናት ተደረገ። ከሰባቱ አንዷ በደራ ከተማ አቅራቢያ፣ በቆላው የአርሲ ክፍል የምትገኘው ቆሮ ደጋጋ ናት። እ.ኤ.አ. በ1994 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍልና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናቱን ወደ 15 መንደሮችና 1,477 ያህል ቤተሰቦች አሰፉት። ከዚያ በኋላ እስከ 2009 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በየጊዜው ያንኑ በር አንኳኩተዋል። ከናሙናው የጠፋው ቤተሰብ በዓመት ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ መሆኑ በሌላ አገር እምብዛም የማይገኝ ነው። አንዱ ምክንያት መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ በመሆኑ ገበሬው ይዞታውን ጥሎ መሄድ ስለማይደፍር ነው።

በዚህ መረጃ ላይ በርካታ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ሠርተዋል። አንድ ውጤት ለአብነት እንጥቀስ። ስቴፋን ዴርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሃና እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የግብርና ባለሙያ መጎብኘት ድህነትን በ9.8 የመቶኛ ነጥብ፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ደግሞ በ6.9 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እንዲህ ለማለት ያስቻላቸው ቤተሰቡን ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ማስተያየታቸው ነው። ታታሪው ገበሬ ድሮም ታታሪ ነው፤ ለሙ መሬት ድሮም ለም ነው። የማይለወጠው ነገር ከሒሳቡ ሲወጣ የተለወጠው ይቀራል።

ያልተጻፈው ዓምድ

ካዱ ሥራውን በጀመረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ኖርማን ናይ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር «ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ.» የተባለውን የኮምፒዩተር መርሐ ግብር ሠራ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ መልስ በካርድ ላይ እየተበሳ ወደ ግዙፍ ኮምፒዩተር ይገባ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ በአንድ ላፕቶፕ ላይ በሰከንድ ያልቃል። ትምህርቱም ቀርቧል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው። አሰላም ራሷ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ሆናለች። የሳጉሬ ልጅ ስለ ሳጉሬ ለመመራመር የግድ ባሕር መሻገር የለበትም።

የስሌቱ ድካም እንዲህ ቢቀልም የዝርዝሩ ችግር ግን አሁንም አለ። ኢትዮጵያ ሕዝቧን ሙሉ በሙሉ ለመቁጠር የሞከረችው ሦስት ጊዜ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። የመጀመሪያው ቆጠራ 42 ሚሊዮን ሕዝብ ሲያሳይ ከዚያ በፊት ይነገር ከነበረው ግምት በብዙ ሚሊዮን በልጦ ተገኘ። በሦስተኛው 73 ሚሊዮን ደረሰ። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ከ1999 ወዲህ የተወለደው፣ የተሰደደው፣ የተፈናቀለው ስንት ነው? ከአሮጌ ዝርዝር የሚወጣ ዕጣ አዲሱን ሰው አያገኘውም። በ1960ዎቹ ጭሰኛው በግብር መዝገብ ላይ እንዳልነበረ ሁሉ፣ ዛሬም በዝርዝር ላይ የሌለ ሰው አለ። መሬት ያልደረሰው የገበሬ ልጅ፣ በየከተማው ዳር የቀን ሥራ የሚጠብቅ፣ ከቀዬው ተነቅሎ በዘመድ ቤት የተጠጋ፣ በማንም የገበሬ ማኅበር መዝገብ አልሰፈረም።

እንግዲህ ለጀማሪው ተመራማሪ ከጭላሎ የሚተርፈው ምክር የከበደ ቀመር አይደለም። መጠይቁን ሲያዘጋጅ «ተቀብሏል» እና «አልተቀበለም» ከሚሉት ሳጥኖች ጎን ሁለት ዓምዶች ይጨምር። አንዱ «ፈልጎ ተከልክሏል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ባለፈው ጊዜ እዚህ ነበር፤ አሁን የለም፤ የሄደበት ቦታ» የሚል ነው። ሁለተኛውን ለመሙላት ጎረቤት መጠየቅ፣ ዳገት መውጣት፣ አንዳንዴም እስከ ናዝሬትና እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሰውን መከተል ይጠይቃል። አድካሚ ነው፤ ገንዘብም ይበላል። ሄኖክ ክፍሌና ባልደረቦቻቸው ይህን ዓይነቱን ሥራ ባይሠሩ ኖሮ ግን ዛሬ ስለ ጭላሎ የምናውቀው ነገር የኩንታሉን ማደግ ብቻ ይሆን ነበር።